ሂሳቡ በማን ስም ይከፈት? የገጠር ውሃ ገንዘብ አጭር ታሪክ

የከተማ ልጅ ስለ ውሃ የሚያወራው ውሃ ሲጠፋ ነው። ፈረቃው ሲዛባ፣ ሮቶው ሲደርቅ፣ ያልጠጣነው ውሃ ቢል ሆኖ ሲመጣ። ከዚያ ውጪ ውሃ ማለት ለእኛ ከግድግዳ ውስጥ የሚወጣ ነገር ነው። ስለ ገጠር ውሃ ደግሞ የምናውቀው አንድ ፎቶ አለ፤ ቢጫ ጄሪካን ያዘለች ሴት፣ ከኋላዋ አቧራማ መንገድ፣ ከጎኗ የአንድ ድርጅት አርማ። ፎቶው ላይ ጄሪካኑ አለ፣ ሴትዮዋ አለች፣ ለጋሹም አለ። የሌለው አንድ ነገር ነው፤ ሂሳቡ። ጉድጓዱ ስንት ፈጀ? ገንዘቡ በማን እጅ አለፈ? ፓምፑ በሦስተኛው ዓመት ሲሰበር ከማን ኪስ ይወጣል?

እኛ ዛሬ ልናወራ የተነሳነው ስለዚህ ስለሌለው ነገር ነው። ጉዳዩ የሂሳብ ሠራተኞች ብቻ ይመስላል። ግን አይደለም። በዚህች አገር ላይ «መንግሥት ምንድነው፣ ሕዝብስ ምንድነው፣ ማንስ ማንን ያምናል?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ስብሰባ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚታየው በአንድ ቀበሌ የእጅ ፓምፕ ዙሪያ ነው ብለን እናምናለን። ካላመናችሁን እስከ መጨረሻው ታገሱን።

(በነገራችን ላይ፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የለጋሾቹ ሰነድ የሚቆጥረው በእነሱ ስለሆነ እኛም ቁጥር ከማደባለቅ ብለን ነው።)

ለጋሽ ሳይመጣ

ብዙዎቻችን የገጠር ውሃ አስተዳደር በሠልጣኝና በአበል የተጀመረ ይመስለናል። እስቲ ወደ ቦረና እንውረድ። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች በሰው እጅ የተቆፈሩ ናቸው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እያዜሙ፣ ውሃውን በባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ለከብቱ ገንዳ ያደርሱታል። ያ ሁሉ ከብት በአንድ ቀን ቢመጣ ጦርነት ነው። ስለዚህ ተራ አለ፤ ተራውን የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ። ጉድጓዱን መጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው ወገን ደግሞ በስሙ መብትና ኃላፊነት አለው። ጉድጓዱ ሲደረመስ የሚጠርገው፣ ለሚሠሩት ሰዎች የሚታረደው ከብት ከማን እንደሚወጣ፣ ሁሉም በወግ የታወቀ ነው።

ወደ ሰሜን ስንወጣም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በባህላዊ መስኖ ባለባቸው የአማራ አካባቢዎች «የውሃ አባት» የሚባል ሰው አለ፤ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ተራ የሚያካፍል፣ ተራ የሰረቀውን የሚቀጣ። ሌላው ቀርቶ እድርና እቁብ ያለው አገር «ገንዘብ አዋጥቶ በጋራ መያዝ» ምን እንደሆነ ከማንም መማር አያስፈልገውም።

ይህን ያነሳነው ድሮን ለማወደስ አይደለም። የምንጭ ውሃ ከብቱም ሰውም እኩል የሚጠጣው ነበር፤ ሕፃናት በተቅማጥ ይረግፉ ነበር። ያነሳነው አንድ ነገር ለማስመዝገብ ነው። ኋላ ላይ «ሕዝቡ የራሱን ነገር ማስተዳደር አይችልም» የሚል አስተሳሰብ በየቢሮው ሲነግሥ፣ ያ አስተሳሰብ የአገሩን የራሱን ልምድ የረሳ ነበር።

የቤተ መንግሥቱ ቧንቧ

ዘመናዊው ውሃ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከላይ ወደ ታች ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረደ። ከዚያ ወዲህ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የቧንቧ ውሃ ታሪክ የዋና ከተማዋ ታሪክ ሆነ። ገፈርሳ በ1940ዎቹ፣ ለገዳዲ በ1970 አካባቢ መጡ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ሲቋቋምም ዓላማው በዋናነት መስኖና ትልልቅ እርሻ ነበር። ገጠር ሰው ሊጠጣ የሚችለው ውሃ ግን በመንግሥት መዝገብ ላይ ራሱን የቻለ ጥያቄ ሆኖ ለመቆጠር ገና ነበር።

ጥያቄ ያደረገው ድርቅ ነው። የ1973ቱ የወሎ ረሃብ፣ ከዚያም የ1984/85ቱ። ረሃብ ሲመጣ የቁፋሮ መኪና ይመጣል። እርዳታው ሲቆም መኪናው ይሄዳል፤ ጉድጓዱ ይቀራል። ይህ ልማድ ነው ለብዙ ዘመን የገጠር ውሃን ገንዘብ የወሰነው። ውሃ የሚቆፈረው በጀት ተይዞለት ሳይሆን አደጋ ስለደረሰ ነበር።

በዚያው ዘመን ዓለምም ተነሳስቶ ነበር። በ1977 በአርጀንቲናዋ ማር ዴል ፕላታ የተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ከ1981 እስከ 1990 ያሉትን ዓመታት «የዓለም አቀፍ የመጠጥ ውሃና የአካባቢ ንጽሕና አሥርት» አደረጋቸው። ደርግም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብሔራዊ የውሃ ሀብት ኮሚሽን አቋቋመ፤ በሥሩም የውሃ አቅርቦትና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነበር። ሥርዓቱ ቀላል ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያቅዳል፣ መሥሪያ ቤቱ ይቆፍራል፣ ሲበላሽም መሥሪያ ቤቱ ይጠግናል። ገበሬው እንዲያ ሲል የሚጠበቅበት ማጨብጨብ ነው።

ታዲያ አስቡት። ፓምፑ ዓርብ ቀን ተሰበረ። ቀበሌው ለወረዳ ይጽፋል፣ ወረዳው ለአውራጃ፣ አውራጃው ለክፍለ ሀገር። ክፍለ ሀገሩ መኪና የለውም፤ መኪና ካለው ነዳጅ የለውም፤ ነዳጅ ካለው ጎማ የለውም። ሴቶቹ ዓርብ ማታውኑ ወደ ድሮው ምንጭ ተመልሰዋል። «የመንግሥት ፓምፕ» ተብሎ ስለተሰጠ ሲሰበርም የመንግሥት ነው። የሰው ንብረት ማን ይነካል?

አሥርቱ ሲያልቅ ውጤቱ ምን ነበር? የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጡት ቆጠራ መሠረት በ1990 የተሻሻለ የውሃ ምንጭ የሚያገኘው ኢትዮጵያዊ 13 በመቶ ብቻ ነበር። ከተማውንም ጨምሮ! ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ደግሞ 92 በመቶ።

ብሎን የሚፈታው ማነው?

በዚያው አሥርት ከወደ ኬንያና ማላዊ አንድ ትንሽ አብዮት መጣ። የዓለም ባንክና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በእጅ ፓምፖች ላይ ሰፊ ሙከራ ሲያካሂዱ «መንደርተኛው ራሱ የሚጠግነው ፓምፕ ቢሠራስ?» የሚል ሐሳብ ተነሳ። አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው። ቶሎ የሚያልቁት ክፍሎቹ ርካሽ ናቸው፤ በጥቂት መፍቻ ይፈታል፤ ክሬን አያስፈልገውም። ኢትዮጵያም ውስጥ ብዙ ተተከለ። ዛሬም በየገጠሩ ስትሄዱ የምታዩት እሱን ነው።

ልብ በሉ፤ ፓምፕ ሲቀየር ፖለቲካውም ተቀየረ። መንደርተኛው መጠገን ከቻለ መለዋወጫ መግዛት አለበት። ለመግዛት ገንዘብ ማዋጣት አለበት። ለማዋጣት ገንዘብ ያዥ መምረጥ አለበት። ገንዘብ ያዥ ከመረጠ ደግሞ ሂሳብ ይጠይቃል። ከአንድ የጎማ ቀለበት ተነስቶ እስከ ተጠያቂነት ድረስ!

ከ1991 በኋላ ክልሎች ሲቋቋሙ የውሃ ቢሮዎችም ወደ ክልል ወረዱ። በ1999 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ደግሞ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው። ገጠሩ የግንባታውን ዋጋ ባይመልስም የሥራ ማስኬጃና የጥገና ወጪውን በታሪፍ ይሸፍናል፤ ከተማው ግን ሙሉ ወጪውን ይመልሳል። የከተማ አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ቢልህን አውጥተህ እየው። የግድቡና የማጣሪያ ጣቢያው ዋጋ ስንቱ አለበት? ገበሬው «በነፃ ለመደ» ተብሎ ሲወቀስ ብዙ ሰምተናል። እኛ ግን ድጎማችንን ለምደን ስሙን ረስተነዋል።

ፖሊሲው ጥሩ ነበር። ችግሩ ገንዘቡ ነበር። ከ2001 በኋላ ወረዳዎች የራሳቸውን የጥቅል በጀት ማግኘት ጀመሩ፤ ግን አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል። መምህር፣ የግብርና ባለሙያ፣ ጤና ሠራተኛ ከተከፈለው በኋላ ለሲሚንቶ የሚተርፍ ጥቂት ነው። ለጋሽ ገንዘብ አለ፤ ግን በፌዴራል ገብቶ፣ በክልል አድሮ፣ በዞን ቆይቶ ወረዳ ሲደርስ የበጀት ዓመቱ አልቋል። ግዢ በጨረታ ነው፤ ጨረታው ይሰረዛል፤ ዝናብ ይመጣል፤ መንገዱ ይዘጋል። ስለ ሙስና ማውራት ሳያስፈልገን፣ ዝም ብሎ በመዘግየት ብቻ ገንዘብ ሊሞት ይችላል።

አማራ ክልል የተሞከረው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ታሪካችን ደረስን።

በ1994 የፊንላንድና የኢትዮጵያ መንግሥታት በአማራ ክልል አንድ የገጠር ውሃና የአካባቢ ንጽሕና ፕሮግራም ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሠራሩ ከሌላው እምብዛም አይለይም ነበር። ገንዘቡ በመሥሪያ ቤት በኩል ይመጣል፣ መሥሪያ ቤቱ ይገዛል፣ መሥሪያ ቤቱ ይሠራል። ማኅበረሰቡ «ይሳተፋል»። ይህች «ይሳተፋል» የምትባል ቃል ብዙ ጊዜ ድንጋይ ተሸከመ ማለት ነው።

በ2003 ግን ፕሮግራሙ ሌላ ነገር ሞከረ። ስሙን የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ አሉት። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፤ በጊዜው ግን ብዙ የቢሮ ሰው ያስደነገጠ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ይላል፤ የግንባታውን ገንዘብ ራሱን ለመንደሩ ስጡት።

እንዴት? መንደሩ ተሰብስቦ የውሃ ኮሚቴ ይመርጣል። ከአባላቱ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ ይጠየቃል፤ ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ስለሚታወቅ። ኮሚቴው ማመልከቻ ለወረዳው ያቀርባል። የወረዳው ባለሙያ ቦታውን አይቶ፣ ውሃ መኖሩን አረጋግጦ፣ ወጪውን ያሰላል። ሲፈቀድ ውል ይፈረማል። ከዚያ ኮሚቴው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሁላችንም አብቁተ በምንለው፣ በራሱ ስም ሂሳብ ይከፍታል። መጀመሪያ የሚያስገባው የራሱን ነው፤ ለጥገና የሚሆን፣ ከየቤቱ የተዋጣ ገንዘብ። ጉልበት፣ አሸዋና ድንጋዩም ተቆጥሮ የማኅበረሰቡ ድርሻ ይሆናል። አሠራሩ ኋላ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲደነገግ ይህ ድርሻ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሆን ተባለ።

ከዚያ የፕሮጀክቱ ገንዘብ በዚያው ሂሳብ ላይ በክፍል በክፍል ይለቀቃል። ሲሚንቶ የሚገዛው ኮሚቴው ነው። ቆፋሪና ግንበኛ የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው። ደረሰኝ የሚያስቀምጠው ኮሚቴው ነው። ወረዳው ይቆጣጠራል፣ ይመክራል፣ ሥራው ልክ ነው ብሎ ይፈርማል፤ ገንዘቡን ግን አይነካም።

ለምን አብቁተ? ባንክ በዚያን ጊዜ ከወረዳ ከተማ ወዲያ እምብዛም አይወርድም። በ1997 ፈቃድ ያገኘው አብቁተ ግን ለገበሬው ብድር ሲሰጥና ሲሰበስብ በየገጠሩ ሥር የሰደደ መዋቅር ነበረው። ማለትም ፊንላንዶቹ አዲስ ቧንቧ አልዘረጉም፤ የተዘረጋውን የብድር መስመር ውሃ አስተላለፉበት። (ተቋሙ በ2022 ፀደይ ባንክ ሆኗል።)

ውጤቱ? መጀመሪያ የተቀየረው ፍጥነቱ ነው። በቢሮ በኩል የበጀት ዓመት ሳይበቃው ሲቀር የነበረ ገንዘብ በወራት ውስጥ ጉድጓድ ሆነ። የሲሚንቶ ዋጋ የሚከራከር ሰው ተገኘ፤ የሚከራከረው የራሱን ሲሚንቶ የሚገዛ ሰው ነዋ! ሁለተኛው የተቀየረው ከግንባታው በኋላ ያለው ነው። በዚህ መንገድ የተሠሩ ጉድጓዶች ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ሥራ ላይ እንደሚቆዩ ተደጋግሞ ታየ። ምክንያቱ ምሥጢር የለውም። ደረሰኙ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ፓምፑም የማን እንደሆነ ያውቃል።

በ2011 ይህ አሠራር «በማኅበረሰብ የሚመራ ፕሮጀክት» በሚል ስም በአገር አቀፉ የውሃና ንጽሕና ማስፈጸሚያ ማዕቀፍ ውስጥ ከተፈቀዱት መንገዶች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት የተጀመረው ኮዋሽ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ከአማራ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ትግራይ፣ ኦሮሚያና ደቡብ አስፋፋው። ሌላም አስፈላጊ ነገር ተከተለ። ኮሚቴ ሕጋዊ ሰውነት ከሌለው መክሰስም መከሰስም፣ ውል መዋዋልም አይችልም። ስለዚህ ከ2010 ወዲህ ክልሎች ለውሃ ተጠቃሚዎች ሕጋዊ ሰውነት የሚሰጡ ደንቦች ማውጣት ጀመሩ። አባ ሄሬጋ ሰርተፍኬት አገኘ ብንል እንደ ቀልድ ውሰዱልን፤ ቁም ነገሩ ግን እሱ ነው።

የማይሠራበት ቦታ

እንግዲህ እዚህ ላይ ጽሑፋችንን ብንዘጋ የለጋሽ ብሮሹር ይሆን ነበር። አንዘጋውም።

መንደር ሲሚንቶ ገዝቶ ሊያስቆፍር የሚችለው ውሃው ቅርብ ከሆነ ነው። ደጋው ላይ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ወይም የሚጎለብት ምንጭ ይበቃል። አፋርና ሶማሌ ክልል ስንሄድ ግን ውሃው በመቶ ሜትሮች ጥልቀት ውስጥ ነው። ቁፋሮው የማሽን ነው፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል፣ አንዱ ቁፋሮ ደረቅ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ደረቅ ጉድጓድ የሚያስከትለውን ኪሳራ የትኛው ኮሚቴ ይሸከማል? ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ውሃው አለ፤ ፍሎራይዱ ግን ጥርስ ያበልዛል፣ አጥንት ያጣምማል። እዚያ የሚያስፈልገው ውሃን ከሩቅ ስቦ ብዙ መንደር ማዳረስ ነው። በ2015/16ቱ የኤል ኒኞ ድርቅ ጊዜ እንዳየነው ደግሞ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ሲደርቁ የተደረሰው በቦቴ ውሃ በማመላለስ ነው። ከሁሉም መንገዶች ውዱ እሱ ነው።

ትልቅ መስመር በማኅበረሰብ እጅ አይተዳደርም ማለት ግን አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአርሲ ሂጦሳ በዋተርኤድ ድጋፍ የተሠራው ውሃ ምስክር ነው። ከተራራ ምንጮች በራሱ ስበት የሚወርድ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ የተዘረጋለት፣ በርካታ ገበሬ ማኅበራትንና ትንንሽ ከተሞችን የሚያጠጣ መስመር ነው። ተጠቃሚዎቹ ቦርድ መረጡ፣ ሠራተኛ ቀጠሩ፣ በየቦኖው ውሃ ቀጂ ሰው አስቀመጡ፣ ታሪፍ ሰበሰቡ። የሂጦሳ ዕድል ግን ስበቱ ነው። ናፍጣ የለም፤ ተራራው ራሱ ፓምፕ ነው።

ሌላም የሚቆረቁር ጥያቄ አለ። ጉልበትህን አዋጣ፣ ገንዘብህን አዋጣ፣ ጥገናውንም አንተው ቻል የሚባለው የአገሪቱ ድሀ ሰው ነው። የተሻለ ገቢ ያለው ከተሜ ግን ቧንቧው ቤቱ ድረስ ሲመጣለት አካፋ አይያዝም። በየኮሚቴው «ግማሽ ሴቶች» ሲባልም ብዙ ጊዜ ለቀኑ ሥራ አንድ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ አበል የሌለው። ከየቤቱ የሚሰበሰበውን ጥቂት ብር የሌላቸው አሮጊት ምን ይሁኑ? ብዙ መንደር በራሱ ወግ «ይለፋቸው» ይላል፤ አንዳንዱ ግን አይልም። በወረቀት ላይ «የባለቤትነት ስሜት» የሚባለው ነገር አንዳንዴ መንግሥት ዕዳውን ያራገፈበት ስም ሊሆን እንደሚችል ዐይናችንን ከፍተን ማየት አለብን። በ2010/11 በተደረገው አገር አቀፍ ቆጠራ ከገጠር የውሃ ተቋማት ሩብ ያህሉ አይሠሩም ነበር። ያ ሩብ የስንፍና ውጤት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ መለዋወጫ ፍለጋ ስንት ሰዓት በእግር እንደሚኬድ ጠይቆ ይረዳ።

ስለ ሽንት ቤት እናውራ፣ አትሽሹ

ውሃ ለጋሽ አለው፤ ፍሳሽ የለውም። የውሃ ቦኖ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ሽንት ቤት ሲመረቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በጀቱም እንደዚሁ ነው። የገጠር ንጽሕና ለብዙ ዘመን ከውሃው በጀት ጅራት ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ የተሞከረው መንገድ ከውሃው ፍጹም የተለየ ነው። በ2003 በዶ/ር ሽፈራው ተክለማርያም ይመራ የነበረው የደቡብ ክልል ጤና ቢሮ ለሽንት ቤት ምንም ድጎማ ላለመስጠት ወሰነ። ሲሚንቶ የለም፣ ቆርቆሮ የለም። እያንዳንዱ ቤተሰብ በአካባቢው ባለው እንጨትና ጭቃ ይቆፍር ተባለ። ቢሮው ገንዘቡን ያዋለው በቅስቀሳ፣ በሥልጠናና በክትትል ላይ ነው። በክልሉ ሪፖርት መሠረት ከ13 በመቶ በታች የነበረው የሽንት ቤት ሽፋን በሁለት ዓመት ውስጥ ከ75 በመቶ አለፈ። በዚያው ዘመን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ በየቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶች ደመወዝ እየተከፈላቸው ቤት ለቤት መዞር ያዙ። ከ2006 በኋላ ደግሞ ካማል ካር በባንግላዴሽ የጀመረው ዘዴ መጣ። ሰዉ ራሱ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳበትን ቦታ በካርታ አሥፍሮ፣ ከዚያ ወደ ምግቡ ምን እንደሚመለስ እያየ፣ በእልህ እንዲቆፍር የሚያደርግ ዘዴ ነው።

ቁጥሩ ይገርማል። በ1990 92 በመቶ የነበረው ሜዳ ላይ መጸዳዳት በ2015 ወደ 29 በመቶ ወርዷል። ይህ በዓለም ላይ ከታዩት ትልልቅ ለውጦች አንዱ ነው፤ የሠሩትም በዋናነት የእኛ እኩዮች የሆኑ ሴት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ግን ሌላውን ቁጥር ደግሞ እዩት፤ በዚያው 2015 «የተሻሻለ» የሚባለውን መጸዳጃ የሚጠቀመው 28 በመቶ ብቻ ነበር። የጭቃ ወለል ክረምት ሲመጣ ይናዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጉድጓዱ ይሞላል። በሰፊ መሬት ላይ ያለ ገበሬ ሌላ ይቆፍራል። መሬት የጠበበባት ትንሽ የገጠር ከተማ ግን ምን ታድርግ? ፍሳሽ መምጠጫ መኪና የለም፤ ቢኖርም የሚደፋበት ቦታ የለም። ያለ ድጎማ ሰው ማስጀመር ይቻላል፤ ከደረጃ ወደ ደረጃ ማሳደግ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። ይህ ትምህርት ገና በበጀት ላይ አልተጻፈም።

አንድ ኪስ

ለጋሾች ሲበዙ ሌላ ችግር መጣ። አንድ ወረዳ ውስጥ አምስት ድርጅት፣ አምስት ዓይነት ሪፖርት፣ አምስት ዓይነት የባንክ ሂሳብ፣ አንዳንዴም አምስት ዓይነት ፓምፕ። የወረዳው ሂሳብ ሠራተኛ ውሎው ሪፖርት መጻፍ ነው።

በ2006 የውሃ፣ የጤናና የትምህርት ሚኒስቴሮች አብረው ለመሥራት ስምምነት ተፈራረሙ። ለምን ትምህርት? ሽንት ቤት የሌለው ትምህርት ቤት ሴት ልጅን ያስቀራልና። በ2013 ደግሞ ዋን ዋሽ የተባለው ብሔራዊ ፕሮግራም ተጀመረ። መፈክሩ አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት ነው። ለዚህም የዓለም ባንክ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ የብሪታንያ መንግሥትና ዩኒሴፍ ገንዘባቸውን የሚያስገቡበት የጋራ ቋት ተከፈተ። የዓለም ባንክ በ2004 ለውሃና ንጽሕና 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ነበር፤ በ2014 ለአዲሱ ፕሮግራም 205 ሚሊዮን አጸደቀ። በ2015 የተሻሻለ ውሃ የሚያገኘው ኢትዮጵያዊ 57 በመቶ ደረሰ፤ የሚሌኒየሙ ግብም ተሳካ። ከ13 ወደ 57 በአንድ ትውልድ! ማጨብጨብ ካለብን እዚህ ላይ ነው።

አሁንስ?

አሁን የምንፈራቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ጦርነት ነው። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ፣ በአፋርና በአማራ የተካሄደው ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት፣ ይህ ሁሉ ሥርዓት በተወለደበት ምድር ላይ ነው የሚነድደው። ፓምፕ ይሰበራል፣ ወረዳ ይዘረፋል፣ ባለሙያው ይሸሻል። ከሁሉ በላይ ስብሰባ ያስፈራል። ኮሚቴ ደግሞ ያለ ስብሰባ ኮሚቴ አይደለም።

ሁለተኛው የለጋሹ ኪስ ነው። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅቱን ዘግቷል፤ የአውሮፓ አገሮችም እርዳታቸውን እየቀነሱ ነው። የለመድነው «እነሱ ይቆፍራሉ» የሚል ስሌት ከእንግዲህ አይሠራም።

ሦስተኛውን ማንም አያወራውም፤ እኛ እናውራው። የብሩ ዋጋ ነው። በ2003 አንድ ዶላር 8 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ኮሚቴ ለክፉ ቀን ብሎ 2,000 ብር አብቁተ አስቀመጠ እንበል። ያ ከ230 ዶላር በላይ ነው። በሐምሌ 2024 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ወደ 100 ብር ዘለለ፤ ከዚያም አለፈ። ያ 2,000 ብር በዓመቱ መጨረሻ ከ20 ዶላር በታች ሆነ። ወለዱ ጥቂት ቢያካክስም ጉድለቱን አይሞላም። የፓምፕ መለዋወጫ ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ያ መንደር ምን አጠፋ? የተባለውን ሁሉ አድርጓል። ተሰብስቧል፣ መርጧል፣ ቆፍሯል፣ አዋጥቷል፣ ደረሰኝ አስቀምጧል። የከዳው ፓምፑ አይደለም፤ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የምናወጣው ትምህርት ሁለት ጎን አለው። አንደኛው፣ ገንዘቡን ለመንደሩ አምኖ መስጠት ይሠራል፤ ከ20 ዓመት በላይ ተፈትኗል፤ ከእንግዲህ «ሕዝቡ አይችልም» የሚል ባለሥልጣን ማስረጃ ያምጣ። ሁለተኛው፣ ሕዝቡ ስለቻለ ብቻ ብቻውን መተው የለበትም። መለዋወጫ በወረዳ ከተማ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኝበት፣ ከኮሚቴው አቅም በላይ ለሆነ ትልቅ ጥገና ክልሉ በጀት የሚይዝበት፣ በጥልቅ ጉድጓድ ለሚኖረው ቆላ ድጎማ የሚደረግበት ሥርዓት የመንግሥት ድርሻ ነው። በ2002 በአዋጅ የተቋቋመው የውሃ ሀብት ልማት ፈንድ ገንዘብን እያበደሩ ማዟዟር የሚል ሐሳብ ይዞ ተነስቶ ነበር፤ ሐሳቡን ለትንንሽ ከተሞች ፍሳሽና ለመንደሮች ትልልቅ ጥገና ማስፋት እንዳይቻል የሚከለክል ተፈጥሯዊ ሕግ የለም።

እኛ ከተሜዎቹስ? ቢያንስ ሁለት ነገር እንችላለን። የፓርላማ በጀት ሲጸድቅ «ለገጠር ውሃ ጥገና ስንት ተያዘ?» ብሎ መጠየቅ አንዱ ነው፤ ለአዲስ ግንባታ ስንት ተያዘ የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያንን የጄሪካን ፎቶ ስናይ ልባችንን ከመንካት አልፎ አንድ ጥያቄ ያስነሳብን፤ ይህች ሴት የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ብትሆንስ? ከሆነች ከእኛ የምትፈልገው ሐዘኔታ አይደለም። ደብተሯ ላይ ያለው ብር ነገም ጎማ እንዲገዛላት ነው።